የተቀበረ ፈንጂና የጎረቤታሞች ስምምነት



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት፣ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ አብዛኞቻችን ስለ ታላላቅ ጦርነቶች ለመጻፍ አስበን ነበር። ነገር ግን መጻሕፍቱን ስናገላብጥ አንድ ነገር አስተዋልን። የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ብዕሩን የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ የሰላሙ ውል በተፈረመበት ቀን ነው። የገበሬው ችግር ግን የሚጀምረው በማግሥቱ፣ በሬዎቹን ጠምዶ ወደ እርሻው በወጣ ጊዜ ነው። ወታደር ወደ ቤቱ ሲመለስ በመሬት ውስጥ ትቶት የሚሄደው ፈንጂ የሰላም ውል መፈረሙን አይሰማምና። ስለዚህ እኛ ሌሎች ከሚጨርሱበት ቀን ልንጀምር ወደድን።

ይህ ነገር ለኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ምናቸው ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በእርግጥ እኛ ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ እግራችን የሚፈራው የክረምቱን ጭቃ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ታሪክ አንዱ ጫፍ ከገዛ ሰፈራችን ጋር የተያያዘ መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። የተቀበረ ፈንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፀረ ታንክ የሚባለው ሲሆን ከባድ ተሽከርካሪ ሲጫነው ይፈነዳል። ሁለተኛው ፀረ ሰው ይባላል። ይህ ብዙ ጊዜ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከጥቂት አፈር በታች ይቀበራል፤ የሕፃን ልጅ እግር እንኳ ቢያርፍበት ሊፈነዳ ይችላል። ጠመንጃ የያዘ ሰው የሚተኩስበትን ያያል፤ ፈንጂን ግን የሚያፈነዳው ራሱ የሚጎዳው ሰው ነው። ወታደር ይሁን እረኛ፣ ጠላት ይሁን ወዳጅ ለይቶ አያውቅም። ከተቀበረም በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይበላሽ መቆየት ይችላል። ክረምት ሲመጣም ጎርፍ ከተቀበረበት ጠርጎ ማንም ወዳልጠረጠረው ስፍራ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ይወስደዋል። ድንበር ለሰው ተሠራ እንጂ ለጎርፍ አልተሠራም።

በአገራችን ፈንጂ የተቀበረው በአንድ ዘመን ብቻ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ወረራና እርሱን ተከትሎ በተደረገው የነፃነት ዘመቻ፤ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ከሶማልያ ጋር በኦጋዴን በተደረገው ጦርነት፤ እስከ 1983 ዓ.ም. በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት፤ ቀጥሎም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ተቀብሯል። አባት የቀበረው ሳይወጣ ልጅ በላዩ ጨመረበት። ከእነዚህ ጦርነቶች ብዙዎቹ የተደረጉት በድንበር አካባቢ በመሆኑ ጉዳቱም የድንበር ሕዝብ ጉዳት ሆነ። የአፋር ከብት አርቢ ሣርና ውኃ ፍለጋ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ መካከል ይመላለሳል፤ የሶማሌ ግመል አርቢም እንዲሁ ከኦጋዴን ወደ ሶማልያ ይሻገራል። እንግዲህ አንዱ አገር መሬቱን አጽድቶ ጎረቤቱ ባያጸዳ፣ የዚያ አርቢ መንገድ ግማሹ ሕይወት ግማሹ ሞት ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ኮልፌ እንምጣ። በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ከአዲስ አበባ ዳር የነበረች ስፍራ ስትሆን የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ሰፈር በዚያ ይገኝ ነበር። በዚያ ዓመት በሰኔና በሐምሌ ወራት አንድ ቁመተ ረጅም የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ የወታደርነት ትምህርት ለመማር ወደዚህ ሰፈር ገቡ። እሳቸውም ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። ስለ ጦርነት ጥበብ ካስተማሯቸው መኰንኖች አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ በ1987 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪካቸው እንደ ገለጡት፣ በኮልፌ ከተማሯቸው ነገሮች አንዱ ትናንሽ ቦምቦችንና ፈንጂዎችን እንዴት መሥራት፣ እንዴትስ ከእነርሱ መጠበቅ እንደሚቻል ነበር። ትምህርቱ ለስድስት ወር የታሰበ ቢሆንም ገና ሳይፈጽሙት የትግል ጓደኞቻቸው ወደ አገራቸው ጠሯቸው። ከተመለሱም በኋላ ብዙ ሳይቆዩ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ከዚያም ሀያ ሰባት ዓመት በእስር ቤት አሳለፉ።

ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ እሳቸው ፕሬዚዳንት በነበሩበት በ1989 ዓ.ም.፣ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ፀረ ሰው ፈንጂን ጨርሶ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በከተማችን በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ በጆሀንስበርግ አጠገብ በምትገኘው በኬምፕተን ፓርክ ስለ ፈንጂ የሚመክሩ የአፍሪካ ሊቃውንትን ሰበሰበ። አፍሪካም ይህን መሣሪያ የሚከለክል ውል እንዲደረግ በአንድ ድምፅ መናገር ጀመረች። ውሉ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ሲረቀቅ ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት የመሩት የደቡብ አፍሪካው አምባሳደር ጃኪ ሰሌቢ ነበሩ። ረቂቁም መስከረም 8 ቀን 1990 ዓ.ም. ጸደቀ። በኮልፌ ፈንጂ መሥራትን የተማሩ ሰው የሚመሩት መንግሥት፣ ፈንጂ እንዲጠፋ ከሚታገሉት መንግሥታት ቀዳሚ ሆነ ማለት ነው። ማንዴላ በመንደራችን ከተማሩት ሁለት ነገሮች፣ ማለት መሥራትና መጠበቅ፣ በስተ መጨረሻ ለዓለም ያበረከቱት ሁለተኛውን ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ውሉ የተፈረመው በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ በመሆኑ የኦታዋ ውል ይባላል። ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ለፊርማ ሲቀርብ በሁለት ቀን ውስጥ 122 መንግሥታት ፈረሙ፤ ኢትዮጵያም በመጀመሪያው ቀን ከፈረሙት አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ለውሉ መገኘት ለታገለው ዓለም አቀፍ ማኅበርና ለአስተባባሪው ለጆዲ ዊልያምስ ተሰጠ። የውሉ ዋና ዋና ትእዛዞች ለመረዳት ቀላል ናቸው። ፀረ ሰው ፈንጂ መጠቀም፣ መሥራት፣ ማከማቸትና ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው፤ በመጋዘን ያለው በአራት ዓመት፣ በመሬት ውስጥ ያለው በዐሥር ዓመት ውስጥ መጥፋት አለበት፤ የተጎዱ ሰዎች ይረዳሉ፤ አቅም ያለው አገር አቅም ለሌለው ያግዛል። ይህ የመጨረሻው ቃል የትብብር ቃል ነው።

የሚያሳዝነው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። አገራችን በፈረመች በአምስት ወር ከጥቂት ቀናት፣ ውሉ ገና በምክር ቤት ሳይጸድቅ፣ በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። ሁለት ዓመት በቆየው በዚህ ጦርነት በግንባሩ ሁሉ ምሽግ ተቈፈረ፣ በምሽጉም ፊት ፈንጂ ተቀበረ። ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. በአልጀርስ የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ የሰላሙ ውል በዚያው ከተማ ተፈጸመ።

ይህን ክፍል በምናጠናበት ጊዜ ከትምህርት ቤታችን ብዙ ሳይርቁ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ወታደር ዘንድ ሄደን ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል። በዛላምበሳ ግንባር ግራ እግራቸውን አጥተው ዛሬ በሰው ሠራሽ እግር ይራመዳሉ። ቡና ተፈልቶ ከተቀመጥን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ፈንጂው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኛ በሌሊት እንቀብራለን፤ መዝጋቢው በወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። መዝጋቢው ከተሰዋ ወረቀቱም አብሮት ይቀራል። የእኔን እግር የወሰደው ከወዲያ በኩል የተቀበረ ነው። እኔ የቀበርኩትም ከወዲያ የስንቱን እግር እንደ ወሰደ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ቀባሪው ያውቃል፤ መንገደኛው አያውቅም።»

ይህ አነጋገር የጽሑፋችን ሐሳብ በሙሉ ያለበት መስሎ ስለታየን በደብተራችን ጻፍነው። ሌላውን የጦርነት ጉዳት አንድ አገር ብቻውን ሊጠግነው ይችላል። የፈረሰ ድልድይ ይሠራል፤ የተቃጠለ ትምህርት ቤት እንደ ገና ይቆማል። የተቀበረ ፈንጂ ግን የት እንዳለ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ትናንት ጠላት የነበረው ወገን ነው። እንግዲህ ገበሬዬ በሰላም ይረስ የሚል መንግሥት ትናንት የተዋጋውን ጎረቤቱን ካርታህን ስጠኝ፣ እኔም የእኔን እሰጥሃለሁ ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። በፈንጂ ነገር ትብብር ከጨዋነት የሚመጣ ስጦታ ሳይሆን ከችግር የሚመጣ ግዴታ ነው።

የአልጀርሱ ስምምነት ይህን አልዘነጋም። ሁለቱ ወገኖች ፈንጂውን በቶሎ ለማጽዳት ቃል ገቡ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤትም ሐምሌ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የሚቆም የሰላም አስከባሪ ጓድ አቋቋመ፤ ቍጥሩም እስከ 4,200 ወታደር እንዲደርስ ተፈቀደ። በሁለቱ ሠራዊቶች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የጸጥታ ቀጠና ተለየ። በጓዱ ውስጥም የፈንጂውን ሥራ የሚያስተባብር ማዕከል ተከፈተ፤ ይህም ማዕከል ከሁለቱም ወገኖች ስለ ፈንጂ ወረዳዎች የሚሰጠውን መረጃ ይሰበስብ ነበር። መንገዶቹን ካጸዱት መካከል የጎረቤታችን የኬንያ፣ እንዲሁም የባንግላዴሽና የስሎቫክያ ወታደሮች ይገኙባቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ መንግሥታት በድንበሩ አከላለል ሊስማሙ ስላልቻሉ መተማመኑ እየቀነሰ ሄደ፤ ጓዱም ሐምሌ 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ሥራውን እንዲያቆም ተደረገ። መተማመን ሲቀንስ የካርታ ልውውጥም እንደሚቀንስ ከዚህ እንማራለን።

በአገር ውስጥ የተሠራውም የሚናቅ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፈንጂ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የኖርዌይ ሕዝብ ርዳታ ድርጅት ያካሄደው አገር አቀፍ ጥናትም በ1996 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ በ1,492 መንደሮች የሚኖር 1.9 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በፈንጂና ባልፈነዱ ጥይቶች ምክንያት ኑሮው እንደ ተጎዳ ተገለጠ። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱት አፋር፣ ሶማሌና ትግራይ ነበሩ። ከከተማችን በላይ በእንጦጦም ፈንጂ አምካኞችና ፈንጂ አነፍናፊ ውሾች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ተቋቋመ። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አምካኙ የራስ ቍርና የፊት መከላከያ አድርጎ፣ ተንበርክኮ፣ ብረት የሚለይ መሣሪያ በመሬቱ ላይ ያሳልፋል። መሣሪያው ሲጮህ አፈሩን ከጎን በኩል በቀጭን መውጊያ ቀስ እያለ ይነካካል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሚስማር ወይም የጥይት ቀለህ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ፈንጂ መቍጠር አለበት። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚያጸዳው መሬት ከአንድ የመማሪያ ክፍል ወለል ብዙም አይበልጥም። ለመቅበር ጥቂት ደቂቃ የበቃውን ለማውጣት ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል።

ጎረቤቶቻችንም አንድ በአንድ ወደ ውሉ ገቡ። ጅቡቲ በ1990፣ ኬንያና ኤርትራ በ1993፣ ሱዳን በ1996 ዓ.ም. ገቡበት። በኅዳር ወር 1997 ዓ.ም. የውሉ አባሎች የመጀመሪያውን ታላቅ የግምገማ ጉባኤ በናይሮቢ አደረጉ። ኢትዮጵያም ጉባኤው በተፈጸመ በሁለት ሳምንት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ከሰባት ዓመት በፊት የፈረመችውን ውል አጸደቀች። ደቡብ ሱዳንና ሶማልያ በ2004 ዓ.ም. ሲጨመሩ በዙሪያችን ውሉን ያልተቀበለ ጎረቤት አልቀረም። ድንበርን፣ ወንዝንና ወደብን በተመለከተ ብዙ የሚከራከሩት እነዚህ አገሮች በአንድ ነገር ላይ አንድ ሕግ ኖራቸው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በናይሮቢም ኬንያ ከብሪታንያ ጋር ሆና የፈንጂ ማጽዳት ማሠልጠኛ ከፍታ የልዩ ልዩ አፍሪካ አገሮችን ሰዎች አስተማረች። ኢትዮጵያም በመጋዘን የነበራትን ፀረ ሰው ፈንጂ በ2001 ዓ.ም. አጥፍታ ጨረሰች።

ይሁን እንጂ ወረቀት ላይ መስማማት ብቻውን ሰው አያድንም። ለዚህም አንድ መራራ ምሳሌ አለን። በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ባለችው በአብዬ ሰላም ለማስከበር በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወታደሮች ተልከው ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ማቦክ በሚባል ስፍራ ተሽከርካሪያቸው ፈንጂ ረግጦ አራቱ ሞቱ፣ ሰባቱም ቈሰሉ። ቍስለኞቹን የሚያነሣው ሄሊኮፕተር የበረራ ፈቃድ በመጠበቅ እንደ ዘገየ የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ኃላፊዎች ተናገሩ። ፈንጂውን የቀበረው ሌላ፣ ሰማዩን የሚያዘው ሌላ፣ ሕይወቱን ያጣው ደግሞ የሁለቱም ጎረቤት የሆነው የእኛ ወንድም ነበር። በጎረቤታሞች መካከል ስምምነት ሲጓደል የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህም ተስፋና ሐዘን ተፈራርቀዋል። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በአስመራ የሰላም ቃል ተፈራረሙ፤ በ2011 ዓ.ም. የዕንቍጣጣሽ ዕለትም ሀያ ዓመት ተዘግተው የኖሩት የቡሬና የዛላምበሳ መንገዶች ተከፈቱ። ዘመዳሞች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ያየናቸው በቴሌቪዥን ሲሆን ያን ጊዜ ገና የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ነገር ግን በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተኩስ ማቆም ስምምነት እስከ ተፈረመ ድረስ ቆየ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች ያልፈነዱ ቦምቦችና ጥይቶች በየእርሻው፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ሳይቀር ቀሩ። ከመካከላችን አንዱ በዚያ ጊዜ ከሰሜን ወደ አክስቱ ወደ ኮልፌ የመጣ ነው። አያቱ ዛሬም ከወንዙ ዳር ያለችውን ማሳ አላረሱም፤ እረኞች አንድ የብረት ነገር አይተውባታልና። ስለ ፈንጂ ስንጽፍ ስለዚህች ማሳ ጭምር መጻፋችን ነው።

አገራችን መሬቷን አጽድታ እንድትጨርስ በውሉ የተሰጣት የመጀመሪያ ቀን ግንቦት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። እርሱ ወደ 2012፣ ቀጥሎም ወደ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ተራዘመ። ቀኑ በተራዘመ ቍጥር ለገበሬው አንድ ተጨማሪ የእርሻ ወራት ያልፈዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የአውሮፓ አገሮች፣ ማለት ኢስቶንያ፣ ላትቪያ፣ ሊትዌንያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ፣ ጦርነትን በመፍራት ከውሉ እንደሚወጡ አስታወቁ። ፍርሃታቸውን አንንቅም፤ ጎረቤትን መፍራት ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን። ነገር ግን የኛ አገር ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ ነው። ጎረቤትን በመፍራት የተቀበረ ፈንጂ የጎረቤትን ሠራዊት ለጥቂት ቀን ያዘገይ ይሆናል፤ የገዛ ወገንን እረኛ ግን ለብዙ ዓመት ሲጎዳ ይኖራል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እኛ ሦስት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ የጦርነት መዝገብ እንደ ውል ወረቀት በጥንቃቄ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ የጠፋች አንዲት ካርታ የብዙ ሰው እግር ታጠፋለችና። ሁለተኛ፣ ጎረቤታሞች በሌላው ነገር ሁሉ ባይስማሙ እንኳ በዚህ በአንዱ ጉዳይ ከመነጋገር ማቋረጥ አይገባቸውም፤ ድንበሩ እስኪከለል ድረስ እረኛው ሊጠብቅ አይችልምና። ሦስተኛ፣ እኛ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። በበዓል ወደ ዘመዶቻችን አገር ስንሄድ ያላወቅነውን የብረት ዕቃ አለመንካት፣ ታናናሾቻችንንም መምከር፣ ቀይ የተቀባ ድንጋይ ወይም የራስ ቅል ሥዕል ያለበትን ምልክት ባየን ጊዜ በመጣንበት ዱካ መመለስና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ መንገር ይገባናል። በሕይወት መኖር የሚጀምረው ከማወቅ ነውና።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። በኮልፌ ሜዳ የወታደር ትምህርት የተማሩ ሰው ለአህጉራቸው የሰላም መሪ ለመሆን ከበቁ፣ በዚህ በኮልፌ የምንማር እኛም ከመካከላችን ካርታ የሚያነብ መሐንዲስ፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ባለሙያ፣ ከጎረቤት ጋር የሚነጋገር አምባሳደር እንደሚወጣ ተስፋ እናደርጋለን። ጋሼንም ስንሰናበታቸው ይህን ነግረናቸው ነበር። እሳቸውም በምርኵዛቸው ተደግፈው እስከ በር ከሸኙን በኋላ፣ «ይሁን፤ ብቻ ካርታውን አትጣሉ» አሉን።

ለትምህርት ቤታችን መልካም በዓል፣ ለመንገደኛም ሁሉ ሰላማዊ መንገድ እንመኛለን።